"ጥሩ መጽሐፍ ስጪኝ"፦ ከውሰት ጠረጴዛ ጀርባ የስምንት ሳምንት ማስታወሻ

ሳምንት 1፣ ሰኞ

ዛሬ ገና የቤተ መጻሕፍታችንን በር ከመክፈታችን አንድ ሰውዬ ገብቶ "ጥሩ መጽሐፍ ስጪኝ" አለኝ። ሁሌ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ሁሌም ያስደነግጠኛል። እኔ የማነበው ታሪክና ግለ ታሪክ ነው። አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ከወንጀል ልብ ወለድ ሌላ አይነካም። ስለዚህ እኔ ጋ የመጣ ሁሉ ንጉሥ፣ እሱ ጋ የመጣ ሁሉ ሬሳ ይዞ ይወጣል። የፍቅር ልብ ወለድ ወይም ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚፈልግ ሲመጣ ሁለታችንም ተያይተን ዝም ነው።

የሚገርመው፣ መፍትሔው ቤት ውስጥ ነበር። ኖቨሊስት ለሚባል የንባብ ጥቆማ የመረጃ ቋት በየዓመቱ እንከፍላለን። መግቢያው ድረ ገጻችን ላይ ከታች፣ ማንም በማያየው ጥግ ተለጥፏል። እኔ ራሴ የከፈትኩት ሥልጠና የወሰድን ቀን ብቻ ነው። ለስምንት ሳምንት ልሞክረው ቆርጫለሁ። "ምን ላንብብ?" ያለኝን ሁሉ በእሱ አስተናግዳለሁ፤ የሆነውን እዚህ እጽፋለሁ።

አንድ ሕግ አወጣሁ። የማንም ስም አይጻፍም፤ የአባልነት ቁጥርም እንደዚያው። ማን ምን እንዳነበበ የራሱ ጉዳይ ነው። የመጻሕፍቱንም ርዕስ ትቻለሁ። ርዕሱን አይቶ ሰውየውን የሚያውቅ አይጠፋም።

ሳምንት 1፣ ረቡዕ

ከሰዓት ሰው ሲቀንስ ውስጡን ስጎረጉር ቆየሁ። ኖቨሊስት በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ታስቦ የተሠራ ነው። አሁን ኢብስኮ የሚባል የመረጃ ቋት አቅራቢ ኩባንያ ነው የያዘው። እንደ መሸጫ ድረ ገጾች "ይህን የገዛ ያንንም ገዝቷል" አይልም። የሚያወራው ስለ ገዢው ሳይሆን ስለ መጽሐፉ ነው። ርዕስ ስትጽፉ የመጽሐፉ ገጽ ይከፈታል፦ ዘውጉ፣ የሚያነሳቸው ጉዳዮች፣ ለየትኛው ዕድሜ እንደሚሆን፣ ተከታታይ ከሆነ ስንተኛው እንደሆነ።

ከዚያ ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። አንባቢን ምኑ እንደሚስብ የሚናገሩ ቃላት። አካሄዱ ፈጣን ነው ወይስ ዝግ ያለ? ታሪኩን የሚጎትተው ሴራው ነው ወይስ ገጸ ባሕርያቱ? ድባቡ ጨለም ያለ ነው፣ አስቂኝ ነው፣ ልብ አንጠልጣይ ነው? አጻጻፉ ያጌጠ ነው ወይስ ቁጥብ? በጎን ደግሞ ይህን ለወደደ ሰው የሚሆኑ ሌሎች መጻሕፍት ተደርድረዋል። ከእያንዳንዱ ጋር የተመረጠበት ምክንያት አለ። ይሄን ወደድኩለት። ምክንያቱን ሳይናገር የሚመክር፣ ሰውም ይሁን ማሽን፣ አላምንም።

ሐሳቡ ዛሬ የመጣ አይደለም። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎቹ ጆይስ ሳሪክስና ናንሲ ብራውን በ1989 ባሳተሙት የሙያ መጽሐፍ ላይ አንባቢ በርዕሰ ጉዳይ ብቻ እንደማይመርጥ ጽፈዋል። አካሄዱም፣ ገጸ ባሕርያቱም፣ የታሪኩ ዓይነትም፣ መቼትና ድባቡም ይስቡታል። የመረጃ ቋቱ ቃላት ከዚህ ሐሳብ የበቀሉ ናቸው።

ሳምንት 1፣ ዓርብ

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ።

አንድ ወጣት መጣ። አንብቦ የጨረሰውን የስለላ ልብ ወለድ ጠረጴዛው ላይ አደረገ። "እንደዚህ ያለ ሌላ አለ?" ርዕሱን ጻፍኩ። ዝርዝሩ ወጣ። አትሜ ሰጠሁት። ከመጣ ሁለት ደቂቃ አልሞላውም። በራሴ ኮርቻለሁ።

ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና "ይሄንንማ ቤት ሆኜም አገኘው ነበር" አለኝ። እውነቱን ነው። አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። አንድም መጽሐፍ ሳይዋስ ወጣ።

ሳምንት 2፣ ማክሰኞ

አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ ወፈር ያለ የባሕር ጉዞ ልብ ወለድ መለሱ። "ይሄን የመሰለ ይኖራል ልጄ?"

ርዕሱን ጻፍኩ፤ መርከብ ተዘረገፈ። የጦር መርከብ፣ የወንበዴ መርከብ፣ የሰመጠ መርከብ፣ ሊሰምጥ ያለ መርከብ። ማያ ገጹን አዞርኩላቸው። ሽፋኖቹን ተራ በተራ አዩ። ፊታቸው ግን አልፈካም። "ጥሩ ነው" አሉኝ፤ ጥሩ እንዳልሆነ በሚያስታውቅ ድምፅ።

ያ የዓርቡ ወረቀት ትዝ አለኝ። እጄን ከማውዙ ላይ አነሳሁ። "ምኑ ነው የተመችዎት?"

"መርከቡንማ እየዘለልኩ ነው ያነበብኩት" አሉ። "ሚስቱ ናት እንጂ! እሱ ባሕር ላይ፣ እሷ ቤት ቁጭ ብላ ደብዳቤ ትጽፋለች። ይድረሰው አይድረሰው አታውቅም እኮ። ግን ትጽፋለች።"

ወደ መጽሐፉ ገጽ ተመለስኩ። ከታች ቃላቱ ከነሣጥናቸው ተደርድረዋል። የፈለጋችሁት ላይ ምልክት አድርጋችሁ አዲስ ፍለጋ ታስጀምራላችሁ። መርከብ የሚለውን አለፍኩት። የባሕር ጉዞ የሚለውንም አለፍኩት። በደብዳቤ የተጻፈ፣ በገጸ ባሕርያት የሚመራ፣ ዝግ ያለ የሚሉትን ነካሁ። በወጣው ዝርዝር ላይኛው በኩል መርከብ የሚባል የለም። ሦስተኛው ላይ ተለያይተው የሚኖሩ ሁለት እህትማማቾች የሚጻጻፉበት ልብ ወለድ አለ። መደርደሪያችን ላይም አለ! ሄጄ አመጣሁላቸው። ቆመው የመጀመሪያውን ገጽ አነበቡ። ገለጡና ሁለተኛውንም አነበቡ። ከዚያ ምንም ሳይሉኝ ካርዳቸውን አውጥተው ሰጡኝ።

የመረጃ ቋቱ አልተሳሳተም ነበር። የጠየቅኩት ስለ መርከብ ነው፤ መርከብ ሰጠኝ።

ሳምንት 2፣ ቅዳሜ

ሰው የሚያወራበት ቋንቋና የመረጃ ቋቱ ቋንቋ ሌላ ሌላ ነው። "ዝግ ያለ አካሄድ ያለው በገጸ ባሕርያት የሚመራ ልብ ወለድ ይኖራችኋል?" ብሎ የመጣ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ስለዚህ የደብተሬ መጨረሻ ላይ የመፍቻ ገጽ ጀመርኩ።

"ከእጄ አልወርድ አለ" ሲሉ ፈጣን አካሄድና ልብ አንጠልጣይ ማለታቸው ነው። "ፈታ የሚያደርግ" ሲሉ አስቂኝ ወይም ቀለል ያለ ድባብ። "ሰዎቹን የማውቃቸው ነው የመሰለኝ" ካሉ ገጸ ባሕርይ ላይ ነው መሄድ። "እዚያ አገር የኖርኩ መሰለኝ" ካሉ መቼት። "አጻጻፉ ራሱ!" ብለው ዓይናቸውን ከጨፈኑ ደግሞ ያጌጠ ቋንቋ ነው።

"ደባሪ" የሚለው ቃል ግን ፈተና ነው። ለአንዱ ደባሪ ማለት ዝግ ያለ ነው። ለሌላው የሚያሳዝን ነው። አንድ ልጅ ደግሞ "ደባሪ ነው" ያለኝ ወፍራም ስለሆነ ብቻ ነበር። ይሄን ቃል ስሰማ "እንዴት ደበረህ?" ሳልል ምንም ላልጽፍ ምያለሁ። "ሪፍ ነው" ያለኝንም እንደዚያው። ገና አልተረጎምኩትም።

ሳምንት 3፣ ሰኞ

ዛሬ ለአንዲት ሴት ግሩም ዝርዝር አወጣሁላት። ምራቋን እየዋጠች አብረን አነበብነው። ከዚያ ካታሎጋችን ውስጥ ስፈልግ አንዱ የለንም። ሁለተኛው የለንም። ሦስተኛው ከተዋሰ ሁለት ወር ሆኖታል፤ መላሽ የለም። አራተኛው ላይ እሷም ተስፋ ቆረጠች።

የመረጃ ቋቱ የሚያውቀው የታተመውን እንጂ የእኛን መደርደሪያ አይደለም። ጥቆማውን ከቤተ መጻሕፍቱ ካታሎግ ጋር የሚያገናኝ ተጨማሪ አገልግሎት አላቸው። እኛ አልገዛነውም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሁለት መስኮት ጎን ለጎን ከፍቼ ነው የምሠራው። በአንዱ እፈልጋለሁ፤ በሌላው መኖሩን አረጋግጣለሁ። ያልተረጋገጠ ርዕስ ከአፌ አይወጣም። ማያ ገጹንም ለሰው የማዞረው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ አስጎምጅቶ ኋላ "የለንም" ማለት ነውር ነው።

ሳምንት 3፣ ሐሙስ

ትንሽ ነገር። ተከታታይ መጽሐፍ ስሰጥ ሁሌ ቁጥሩን ከመረጃ ቋቱ አያለሁ። ዛሬ ባልደረባዬ አራተኛውን እንደ መጀመሪያ አድርጎ ሊያስይዝ ሲል ደረስኩበት። አራተኛው ላይ ገዳዩ ከመጀመሪያው ገጽ ታስሯል።

ሳምንት 4፣ ረቡዕ

ይሄን መጻፍ ከብዶኛል።

ሰኞ ዕለት አንድ አዛውንት መጥተው ነበር። ቀለል ያለ፣ ሆድ የሚያባባ፣ መጨረሻው ግን ደስ የሚል ፈለጉ። ሰልፍ ነበር። ፈጠን ብዬ ሦስት ቃላት ላይ ምልክት አድርጌ ከላይ የወጣውን፣ መደርደሪያ ላይ ያለውን ሰጠኋቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእኔ ነው።

ዛሬ ጠዋት መጡ። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርገው አኖሩት። ዕልባቱ ገና መጀመሪያው ላይ ነው። "ልጄ፣ ይሄ ለእኔ አይሆንም" አሉ። "የኔዋ ካረፈች ገና ዓመቷ አልሞላም።"

ታሪኩ የሚጀምረው ከሚስቱ ቀብር ነው። ገጹን መልሼ ከፈትኩት። በሚያነሳቸው ጉዳዮች ዝርዝር ውስጥ ሐዘን፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው፣ ብቸኝነት ተጽፎ ቁጭ ብሏል። እኔ ግን እስከዚያ አላነበብኩም። ማሽኑ ላይ ላሳብብ ብል እንኳ አፍ የለኝም።

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ቁጭ በሉ አልኳቸው። ሰልፉን ባልደረባዬ ያዘልኝ። የመረጃ ቋቱ ላይ አንድን ጉዳይ ከፍለጋው ማስወጣት ይቻላል። "ሐዘን"ን አስወጣሁት፤ "ሞት"ንም እንደዚያው። ከተረፈው ውስጥ አንድ አትክልተኛና አንድ ነገረኛ ጎረቤት የሚጨቃጨቁበትን መረጡ። ሽፋኑን እያዩ "ይሄስ የኔን ጎረቤት ይመስላል" አሉ።

ከእንግዲህ ሁለተኛ ጥያቄ አለኝ፦ "እንዳይኖርበት የሚፈልጉት ነገር አለ?" ሰው ምክንያቱን የመናገር ግዴታ የለበትም። አንዳንዱ "ደም አይኑርበት" ይላል፤ አንዳንዱ "ውሻው እንዳይሞት"። ውሻው እንዳይሞት የሚሉት ከገመትኩት በላይ ብዙ ናቸው።

ሳምንት 5፣ ቅዳሜ

የልጆች ቀን። አንዲት እናት ልጇን እጁን ይዛ መጣች። ትምህርት ቤት የልጁን የሌክሳይል ቁጥር፣ ማለትም የንባብ ደረጃውን የሚያሳየውን ቁጥር፣ ነግሯታል፤ በዚያ ቁጥር ልክ መጽሐፍ ትፈልጋለች። የመረጃ ቋቱ በዚህ ቁጥር ማጣራት ይችላል። አጣራሁላት።

ችግሩ ቁጥሩ የሚለካው ነው። ሌክሳይል የዐረፍተ ነገሩን ርዝመትና ቃላቱ ምን ያህል የተለመዱ እንደሆኑ ያያል። ታሪኩ ለልጁ ይሁን አይሁን አያይም። አጫጭር ዐረፍተ ነገር ያለው የአዋቂ ልብ ወለድ ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ የዕድሜ ማጣሪያውን ጨመርኩበት። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ልጁን ጠየቅኩት።

"ምን ምን ያስቅሃል?"

እናቱን አየ። "ሽንት ቤት" አለ።

እናቱ ቀላች። እኔ ግን ይሄ ከቁጥሩ የተሻለ መረጃ ነው። "አስቂኝ" የሚለውን ነካሁ፤ ሥዕል ያለባቸውን አስቀደምኩ። ሦስት ተሸክሞ ሄደ። አንዱ ከደረጃው በታች ነው። እናቱ ቅር ቢላትም አለፈችው። በሩ ጋ ሳይደርስ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ያነብ ነበር። የያዘውም ያንኑ ነው።

ሳምንት 6፣ ማክሰኞ

ከባልደረባዬ ጋር ተወራረድን። "ከዚያ ማሽን በላይ አውቃለሁ" ይላል። ጥሩ። ለሚቀጥሉት ስድስት ጠያቂዎች ሁለታችንም ጥቆማ እንሰጣለን፤ የትኛው ከማን እንደመጣ ሳንናገር። የሚመርጡት እነሱ ናቸው።

ወንጀል ላይ ዘረረኝ። ሁለት ለዜሮ። የመረጃ ቋቱ በፍጥነትና በድባብ የሚመሳሰሉ መርማሪዎችን አመጣ። እሱ ግን "ሰውየው የሚወደው መርማሪው የሚጠጣና የሚጸጸት ሲሆን ነው" ብሎ አንዱን መዝዞ አወጣ። ከሃያ ዓመት ንባብ የመጣ ነገር ነው። ፍቅር ላይና ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ላይ እሱ ዝም ሲል እኔ ደግሞ ጎል አገባሁ። አንዷ ከሁለታችንም አልወሰደችም። ተመላሽ መጻሕፍት ጋሪ ላይ ያየችውን አንስታ ሄደች። አንዳንድ ቀን ያ ጋሪ ሁላችንንም ያሸንፋል።

ከሰዓት ቡና ስንጠጣ የመረጃ ቋቱን አስከፈተኝ። የሚወደውን ደራሲ ፈለገ። ከጥቆማዎቹ አንዱን አያውቀውም። ምንም አላለም፤ ግን ርዕሱን መዳፉ ላይ ሲጽፍ አይቼዋለሁ።

ሳምንት 6፣ ዓርብ

"አላውቅም፣ አንቺ ምረጪልኝ" የሚሉኝን እፈራቸው ነበር። አሁን ከናንሲ ፐርል ተውሼ ነው የምሠራው። አሜሪካዊት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናት። ወደ መጽሐፍ የሚገባባቸው አራት በሮች አሉ ትላለች፦ ታሪክ፣ ገጸ ባሕርይ፣ መቼት፣ ቋንቋ። ስለዚህ መጽሐፍ ካላስታወሱ በመጨረሻ ያዩትን ፊልም እንዲያወሩልኝ እጠይቃለሁ። ጨዋታ ጨዋታን ያነሳል። ሰው ሲያወራ በየትኛው በር እንደሚገባ ያስታውቃል። አንዱ ማን ምን እንዳደረገ ይነግርሃል፤ ሌላው ስለ ቤቱና ስለ ዝናቡ ያወራል።

የሴትዮዋ ሌላ ሕግም አለ። መጽሐፍ ካልጣመህ ከ50 ገጽ በኋላ ጣለው። ዕድሜህ ከ50 ካለፈ ከ100 ላይ ዕድሜህን ቀንስ፤ የተረፈው ለመጽሐፉ የምትሰጠው ገጽ ነው። ይሄን ለአንድ የ72 ዓመት ደንበኛችን ብነግራቸው በጣታቸው አሰቡና "28 ገጽ? ያውም በዝቷል" አሉኝ።

ሳምንት 7፣ ሰኞ

እስካሁን የሸሸሁት ጉዳይ። የመረጃ ቋቱ በአብዛኛው የሚያውቀው በእንግሊዝኛ የታተመውን ነው። በሌሎች ቋንቋዎች የተጻፉት መጻሕፍታችን ሙሉ ሁለት መደርደሪያ ይዘዋል። ስፈልጋቸው ባዶ ነው። እነሱን ብለው የሚመጡ አንባቢዎች እንደ ድሮው "እስኪ እዚያ ጋ ይመልከቱ" ነው የምላቸው። ዓይናቸው አዋጅ ሆኖባቸው ይቆማሉ።

መረጃው ባይኖረንም ጥያቄዎቹ አሉን። በእያንዳንዱ መጽሐፍ የጀርባ ሽፋን ውስጥ አራት መስመር ያላት ወረቀት ልናስገባ ነው። አካሄድ። ድባብ። የሚጎትተው ምንድን ነው። ማወቅ የሚገባ ነገር (ሞት፣ ጦርነት፣ ውሻ)። ሠራተኞቹ ያነበብነውን ተከፋፈልን።

ሳምንት 7፣ ሐሙስ

እኔና ባልደረባዬ በአንድ መጽሐፍ ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቅን። እሱ "ፈጣን" ይላል፤ ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው። እኔ "ዝግ ያለ" እላለሁ፤ 200 ገጽ ሙሉ አንድ ሰው መስኮት ላይ ቆሞ ያስባል። "ያስባል፣ ግን ቶሎ ቶሎ ያስባል" ይለኛል። በመጨረሻ ሁለታችንም ገጹን ከፍተን ጮክ ብለን አነበብን። የማንበቢያ ክፍሉ ሰዎች ገላመጡን። "ዝግ ያለ፣ ምዕራፎቹ አጫጭር" ብለን ጻፍን።

አሁን የመረጃ ቋቱን ቃላት ለሚሰጡት ሰዎች አዘንኩላቸው። ይሄን ክርክር በየቀኑ ነው የሚከራከሩት።

ሳምንት 8፣ ዓርብ

ወረቀት የገባላቸው መጻሕፍት 63 ደረሱ። መግቢያው ከድረ ገጹ ጥግ ወጥቶ ከካታሎጉ መፈለጊያ ጎን ተቀምጧል፤ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጽፌ ነው። የስለላው ወጣት ሰኞ ብቅ ብሎ ነበር። ምኑን እንደወደደ ጠየቅኩት። "ማን እንደከዳው እስከ መጨረሻ አለማወቄ" አለኝ። ይሄንኑ ያኔ በመጀመሪያው ሳምንት ዓርብ ጠይቄው ቢሆን ወረቀት አላትምም ነበር።

ልንዘጋ ስንል የደብዳቤዎቹ ሴትዮ መጡ። የእህትማማቾቹን ጨርሰዋል፤ ሌሎች ሁለትም ጨርሰዋል። በእጃቸው የያዙት ግን ከዚያኛው መደርደሪያ የወሰዱትን ነው፤ የእኛን ወረቀት የያዘውን። የጀርባ ሽፋኑን ገልጠው ጣታቸውን የእኔ እጅ ጽሑፍ ላይ አደረጉ።

"ዝግ ያለ ብላችኋል።"

"አዎ እናቴ።"

"እስከ ገጽ 80 ነው። ከዚያ በኋላ እኔ እራቴን አላሞቅኩም።"

እስክሪብቶ አቀበልኳቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ከእኔ ጽሑፍ ሥር ጻፉበት።